አልወርድ ያለው አረንጓዴ ጨርቅ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን አታሰናዱ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላምም በረትም የለም። ያለው ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ በወንጂ መንገድ ዳር፣ አንድ አቧራማ ሜዳ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ እሁድ እሁድ ጠዋት ጥቂት ጓደኛሞች ብርቱካናማ ኮን ይደረድራሉ። ከዚያ በየአሮጌ መኪናቸው፣ አንድ በአንድ፣ በኮኖቹ መሀል እየተጠማዘዙ ይነዳሉ። ኮን የነካ ሰከንድ ይጨመርበታል፤ ቶሎ የጨረሰ ያሸንፋል። ሽልማት የሚባል ነገር የለም። ያሸነፈ ሳምንቱን ሙሉ ያወራል፣ የተሸነፈ ሳምንቱን ሙሉ ያዳምጣል።

ከነዚህ ጓደኛሞች መሀል አስካል የምትባል ልጅ ነበረች። አስካል ኮን ትደረድራለች፣ ውሃ ታቀብላለች፣ ለሌላው ታጨበጭባለች፤ አትነዳም። ካቻምና እናቷን ጎኗ አስቀምጣ ስትነዳ ቮልሷ ተገለበጠችባት። ሁለቱም በሕይወት ወጡ። የእናቷ ክንድ ተሰብሮ ነበር፣ ድኗል። ቮልሷንም ጋራዥ ያለው ጓደኛዋ ገመቹ ቀስ በቀስ ጠግኖ አስነሳት። አስካል ግን ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠችም፤ እናቷም ከዚያ ወዲህ ከባጃጅ በቀር ምንም አይሳፈሩም።

ዛሬ ጠዋት አስካል ዓይኗን ስትገልጥ «ዛሬ እነዳለሁ» አለች። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እሷም አታውቀውም። ይህን ግን ታውቃለች፦ ዛሬ ካልነዳች ነገ ይህ ቃል ከአፏ አይወጣም፤ የቮልሷን ቁልፍ ለገመቹ አስረክባ መኪና የሚባል ነገር ትረሳለች። ሜዳው ደግሞ የነሱ የሚሆነው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የኳስ ቡድኖች ይረከቡታል። አሁን አምስት ሰዓት አልፏል፤ ተጫዋቾቹ ዳር ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ማሰር ጀምረዋል።

እንግዲህ አስካል ቮልሷ ውስጥ ገብታለች። ሄልሜቷን አጥልቃለች። ቮልሷ ትንተከተካለች፣ የአስካል ልብም ትንተከተካለች። የምትፈልገው አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ናርዶስ ከፍ አድርጋ የያዘችውን አረንጓዴ ጨርቅ ዝቅ እንድታደርግላት ብቻ ነው፤ ጨርቁ ሲወርድ መነሳት ይቻላል። ናርዶስ የልብ ጓደኛዋ ናት፣ ሕግ ላይ ግን ዘመድ አታውቅም።

«ናርዲ፣ በናትሽ አውርጂው!»

«አላወርድም» አለች ናርዶስ። «ኩርባው ላይ ሰው የለም። ሰው ሳይቆም አላስነዳም።»

ሕጋቸው ነው። ነድቶ የጨረሰ ሰው ኩርባው ላይ ይቆምና ለሚቀጥለው ሰው የወደቀ ኮን ያነሳል፤ ነገር ከተበላሸ እጁን ዘርግቶ ያስቆማል። በዚያ ቀን ያልነዳ ሰው እዚያ አይቆምም፤ መኪና ወዴት እንደሚንሸራተት የሚያውቀው የነዳ ነው ይላሉ። አሁን ተራው የተካልኝ ነው። ተካልኝ ደግሞ የለም።

«ፈራሽ እንዴ?» አለቻት ናርዶስ፣ ፊቷን አይታ።

«እኔ? አልፈራሁም» አለች አስካል፤ ቮልሷን አጥፍታ፣ ሄልሜቷን እንዳጠለቀች፣ ተካልኝን ፍለጋ ሮጠች። ኩርባው ሰው ከሌለው ጨርቁ አይወርድም፤ ጨርቁ ካልወረደ አስካል አትነዳም፤ አስካል ዛሬ ካልነዳች መቼም አትነዳም።

ተካልኝ ዳገቱ ላይ ነበር። ረጅሙ ተካልኝ፣ አስተማሪው፣ ጉልበቱን ከአገጩ ጋር አጋጥሞ ያረጀች ላዳው ውስጥ ተቀምጧል። ሩጫውን ጨርሶ ሊያሳርፋት ዳገት ላይ አወጣት፤ እዚያው ሞተሯ ጠፋ። ሞተሯ ሲሞቅ ደግሞ እስኪበርድ ድረስ አይነሳም።

«ተኬ፣ ምን ትሠራለህ እዚህ? ውረድና ኩርባው ላይ ቁም!»

«አልወርድም» አለ ተካልኝ። «ፍሬን ረግጬ ነው ያለሁት። እግሬን ባነሳ ላዳዬ ተንደርድራ ቦይ ውስጥ ነው የምትገባው። የእጅ ፍሬን የላት፣ ማርሹ አይይዝ። ታኮ አምጪልኝ።»

ሌላ ሰው ይርገጥለት ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ተካልኝ ግን ሚስቱን እንኳ የላዳውን ፍሬን አያስረግጣትም፤ እሷም ጠይቃው አታውቅም።

ታኮ ማለት ጎማ ሥር የሚሸጎጥ ድንጋይ ነው፤ ታክሲ ላይ ረዳት ሆኖ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አስካል ዙሪያዋን አየች። ድንጋይ የለም። ወደ ታች ሮጣ አየች፣ ወደ ላይ ሮጣ አየች፤ ጠጠር እንኳ የለም። ጉዱ ይኸው ነው። ጠዋት ጎማ እንዳይፈነዳብን ብለው አምስቱም ጓደኛሞች ጎንበስ ብለው የሜዳውን ድንጋይ ሙልጭ አድርገው ለቀሙት። ለቅመው ዳር ላይ ቢከምሩት ምን ነበረበት! በጋሪ አስጭነው አጥር ለሚሠራ ሰውዬ ላኩለት። ሰውዬው መርቋቸዋል፤ ምርቃት ግን ጎማ ሥር አይገባም።

«ገመቹ ጉማጅ እንጨት አለው፣ እሱን አምጪልኝ» አለ ተካልኝ። «ቶሎ በይ፣ እግሬ እየዛለ ነው። ምነው፣ ፈራሽ እንዴ?»

«አልፈራሁም!» አለችና ሮጠች። ጉማጁ ካልመጣ ላዳዋ አትቆምም፤ ላዳዋ ካልቆመች ተካልኝ አይወርድም፤ ተካልኝ ካልወረደ ኩርባው ሰው የለውም፤ ኩርባው ሰው ከሌለው ጨርቁ አይወርድም፤ ጨርቁ ካልወረደ አስካል አትነዳም፤ አስካል ዛሬ ካልነዳች መቼም አትነዳም።

ገመቹ ከመኪናው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በዘይት እጁ እየጠረገ ነበር። ድንጋዩን ሲለቅሙ ሚስማሩን ረስተውት ኖሮ፣ ገና ሳይነዳ ጎማው ተበሳበት። የተበሳውን ፈቶ ትርፉን ጎማ ገጥሟል፤ ዳዶዎቹን፣ ማለትም የጎማውን ብሎኖች፣ ግን አላሰራቸውም። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ቆማለች፤ ከሥሯ ደግሞ ያ የሚፈለገው ጉማጅ አለ።

«ገሜ፣ ጉማጁን ስጠኝ!»

«አይ፣ አልሰጥም» አለ ገመቹ። «መኪናዬን የያዘልኝ እሱ ነው። ክሪኩ አርጅቷል፣ አየር እንደሚወጣው ኳስ ቀስ እያለ ይወርዳል። ጉማጁን ከሰጠሁሽ ዳዶ ባልታሰረ ጎማ ላይ ልትቀመጥ ነው።»

«እሰረዋ!»

«በጥርሴ ልሰረው? ዳዶዎቹ ዝገዋል፣ በእጅ አይዞሩም። የጎማ መፍቻዬን ጋሽ ኑሪ ለአንዴ ብለው ወሰዱት፤ አልመለሱትም። ያንቺን ሞከርኩት፣ ልኩ አይደለም። የተካልኝንም ሞከርኩት፣ እሱም ልኩ አይደለም።»

አስካል ሰዓቷን አየች። ባታየው ይሻላት ነበር።

«ፈራሽ እንዴ?» አላት ገመቹ።

«አልፈራሁም አልኩ እኮ!» አለች፣ እሱ ገና መጠየቁ ቢሆንም። ሮጠች። መፍቻው ካልመጣ ዳዶው አይታሰርም፤ ዳዶው ካልታሰረ ጉማጁ አይወጣም፤ ጉማጁ ካልወጣ ላዳዋ አትቆምም፤ ላዳዋ ካልቆመች ተካልኝ አይወርድም፤ ተካልኝ ካልወረደ ኩርባው ሰው የለውም፤ ኩርባው ሰው ከሌለው ጨርቁ አይወርድም፤ ጨርቁ ካልወረደ አስካል አትነዳም፤ አስካል ዛሬ ካልነዳች መቼም አትነዳም።

ጋሽ ኑሪ መኪና ማሽከርከር የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ግማሽ አዳማን መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ገና ተስፋ አልቆረጡበትም። ኮኖቹ የሳቸው ናቸው። ሰዓት የሚይዙትም እሳቸው ናቸው፤ መለኪያው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። መድረሻው ጋ ቆመው በአንድ እጃቸው የተወጠረ ሸራ ዳር ደግፈው ይዘዋል።

«ጋሽ ኑሪ፣ እባክዎን የገመቹን መፍቻ ይስጡኝ!»

«እሱማ መሬት ውስጥ ነው ልጄ» አሉ ጋሽ ኑሪ፣ በአገጫቸው እያመለከቱ።

የአዳማን ነፋስ የማያውቅ ካለ እነግረዋለሁ፤ ልብስ ከገመድ ላይ ሳይሆን ከሰው ላይ ሊያወልቅ የሚሞክር ነፋስ ነው። ጋሽ ኑሪ ለጥላ ብለው ሸራ ወጠሩ፤ ገመዱን ድንጋይ ላስጭነው ቢሉ ድንጋይ የለም። ስለዚህ መፍቻውን እንደ ካስማ መሬት ውስጥ መትተው ገመዱን አሰሩበት።

«ይንቀሉልኛ!»

«አልነቅልም። ከነቀልኩት ሸራው ይሄዳል። ሸራው ሥር ደግሞ እንግዳ ተቀምጧል። ትልቅ ሰው አስቀምጬ ጥላውን ከራሱ ላይ ልግፈፍ? ነውር ነው። ሌላ ካስማ ካመጣሽልኝ፣ ጉማጅ ነገር…»

«ጉማጁ መኪና ሥር ነው!» አስካል ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«እንግዲያው እንግዳዋ በፈቃዳቸው ይነሱ። እሳቸው ከተነሱ ወዲያው ነው የምነቅልልሽ።»

«እንግዳዋ ማን ናቸው?»

ጋሽ ኑሪ የአንገታቸውን ሰዓት ማገላበጥ ጀመሩ። አስካል ጎንበስ ብላ ሸራው ሥር አየች። ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የተቀመጡት እማማ የሺመቤት ናቸው። የአስካል እናት። ማን እንደነገራቸው እስከዛሬ አልታወቀም፤ እኔ ናርዶስን እጠረጥራለሁ።

«እማዬ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ተቀምጫለሁ» አሉ እማማ የሺመቤት።

«እባክሽ ተነሽልኝ።»

«ለምን?»

እዚህ ላይ አስካል ዝም ብትል፣ ወይም አንዲት ትንሽ ውሸት ብትዋሽ ደግ ነበር። የቸኮለ ሰው ግን እውነት ይናገራል። በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። «አንቺ ካልተነሳሽ ሸራው አይነሳም፣ ሸራው ካልተነሳ መፍቻው አይነቀልም፣ መፍቻው ካልተነቀለ ዳዶው አይታሰርም፣ ዳዶው ካልታሰረ ጉማጁ አይወጣም፣ ጉማጁ ካልወጣ ላዳዋ አትቆምም፣ ላዳዋ ካልቆመች ተካልኝ አይወርድም፣ ተካልኝ ካልወረደ ኩርባው ሰው የለውም፣ ኩርባው ሰው ከሌለው ጨርቁ አይወርድም፣ ጨርቁ ካልወረደ አልነዳም!»

እማማ የሺመቤት በጥሞና ሰሙ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር።

«እኔ እዚህ ከተቀመጥኩ አንቺ አትነጂም ማለት ነው?»

«አዎ!»

«በይ እንግዲያው አልነሳም» አሉና ወንበራቸው ላይ ይበልጥ ተደላደሉ።

አያችሁ? ናርዶስ ሕግ ነው ብላ፣ ተካልኝ ላዳዬ ብሎ፣ ገመቹ ዳዶዬ ብሎ፣ ጋሽ ኑሪ ነውር ነው ብለው ነበር። እናት ግን ምክንያት መደርደር አላስፈለጋቸውም።

ከዳገቱ ላይ ተካልኝ «እግሬ!» እያለ ይጮሃል። ወዲያ ማዶ ገመቹ «ክሪኩ እየወረደ ነው!» ይላል። ኳስ ተጫዋቾቹ ተነስተው ሜዳው ዳር ላይ መለጋት ጀመሩ፤ አንዱ ኳስ ከኮን ጋር ተላተመና ናርዶስ ጨርቁን እንደያዘች ተሳደበች። ጋሽ ኑሪ ለስድስት ሰዓት ጥቂት እንደቀረ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው፣ የእናትና የልጅን ፊት አይተው መልሰው ዘጉት። እማማ አልነሳም ብለዋል፤ ሸራው አይነሳም፣ መፍቻው አይነቀልም፣ ዳዶው አይታሰርም፣ ጉማጁ አይወጣም፣ ላዳዋ አትቆምም፣ ተካልኝ አይወርድም፣ ኩርባው ሰው የለውም፣ ጨርቁ አይወርድም፤ አስካል አትነዳም። የኔም ጉሮሮ ደረቀ።

አስካል እናቷ ፊት ተንበረከከች።

«እማዬ፣ ሙች ምንም አልሆንም። ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ሰው የለበትም። አልፈራሁም።»

«ያን ቀንም አልፈራሁም ብለሽኝ ነበር» አሉ እናቷ።

አስካል ቀና ብላ አየቻቸው።

«ቀስ በይ ልጄ ስልሽ ‹አይዞሽ እማዬ፣ እኔ አልፈራሁም› አልሽኝ። እየሳቅሽ። ከዚያ ሰማዩ ከእግሬ ሥር ሆነ።» እማማ የሺመቤት ቦርሳቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «አልፈራም የምትል ልጅ እንድትነዳ እኔ ከዚህ ወንበር አልነሳም። ከፈለጋችሁ ከነወንበሬ ተሸከሙኝ።»

ስለዚያ ቀን ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም ነበር። ስለ ክንዱ ስብራት ተነጋግረዋል፣ ስለ ሐኪሙ ተነጋግረዋል፣ ቮልሷ ስለምትጠገንበት ሁኔታ ተነጋግረዋል። ይህን ግን አንድ ቤት እየኖሩ፣ አንድ ገበታ እየቀረቡ፣ አንዳቸው ለአንዳቸው አንስተውት አያውቁም።

አስካል ሄልሜቷን አወለቀች። ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

«እፈራለሁ» አለች። «ጠዋት ቁርስ እንኳ አልወረደልኝም። መሪ ስጨብጥ ያንቺ ጩኸት ጆሮዬ ላይ አለ። ናርዲ ጨርቁን አላወርድም ስትለኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ተኬ አልወርድም ሲለኝም ደስ ብሎኝ ነበር። ገሜ ጉማጁን ሲከለክለኝም። ሁሉም ለኔ ብለው የከለከሉኝ መሰለኝ።» አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «አንቺ አልነሳም ስትይ ግን ደስ አላለኝም። አንቺ ካልተነሳሽ የማልነዳው ዛሬን ብቻ አይደለም። እየፈራሁ ልንዳ፣ እማዬ።»

እማማ የሺመቤት የልጃቸውን እጅ ያዙ።

«እኔም እፈራለሁ» አሉ። ተነሱ።

አሁን ተከተሉኝ፣ እኔም መሮጤ ነው። እማማ ተነሱ፣ ሸራው ተነሳ። መፍቻው ተነቀለ፤ ነፋሱ ሸራውን ጠልፎ ኳስ ተጫዋቾቹ ራስ ላይ ጣለው፤ ከሥሩ ለመውጣት ሲታገሉ ጥቂት ደቂቃ አተረፍን። መፍቻው ደረሰ፣ ዳዶው ታሰረ። ዳዶው ታሰረ፣ ጉማጁ ወጣ። ጉማጁ ወጣ፣ ላዳዋ ቆመች። ላዳዋ ቆመች፣ ተካልኝ ወረደ፤ የደነዘዘ እግሩን እየጎተተ ሄደና ኩርባው ላይ ቆመ። ኩርባው ሰው አገኘ። አስካል ሄልሜቷን መልሳ አጥልቃ ቮልሷን አስነሳች። ናርዶስ ወደ ኩርባው አየች፣ ወደ ቮልሷ አየች፣ ጓደኛዋን አየች፤ አረንጓዴው ጨርቅ ወረደ።

ቮልሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

ሞተሯ ይሠራል። ማርሹ ገብቷል። የአስካል ግራ እግር ፍሪሲዮኑ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ናርዶስ ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሂጂ እንጂ!» ብላ ትጮህ ነበር፤ ዛሬ አልጮኸችም። ገመቹ መፍቻውን እንደያዘ ቆሟል። ተካልኝ ኩርባው ላይ እጁን ሊያነሳ ፈለገ፣ ተወው። ማንም ምንም ሊያደርግላት የሚችል ነገር አልቀረም። የምትፈልገውን ሁሉም ሰጥተዋታል።

አስካል እግሯን ቀስ አድርጋ አነሳች። ቮልሷ ሄደች።

የመጀመሪያውን ኮን በግራ፣ ሁለተኛውን በቀኝ አለፈች። ትንፋሿን ይዛ ነበር የምትነዳው። ኩርባው ጋ ስትደርስ የኋላ ጎማ ትንሽ ከዳት፣ አቧራው ተነሳ፣ እናቷ «ኧረ!» አሉ። አስካል ራሷም ጮኸች፤ እየጮኸች ግን መሪውን አልለቀቀችም፣ ነዳጁን ቀነሰች፣ ቮልሷ ወደ መስመሯ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የነበረው እየፈሩ የመንዳት ጉዳይ ነው። ኮን፣ ኮን፣ ኮን፣ ሌላም ኮን፣ መድረሻ።

ጋሽ ኑሪ ሰዓታቸውን አዩ፤ ደግመው አዩት። ተካልኝ እያነከሰ መጥቶ ትከሻቸው ላይ አጮለቀና «ባጃጅም በዚህ ሰዓት ትደርሳለች» አለ። የቀኑ የመጨረሻ ነበረች፣ ያውም በሰፊው። ሜዳው ላይ ግን የወደቀ ኮን አልነበረም። አስካል መሪው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች፣ ወይም ትስቃለች፤ ናርዶስ በመስኮት ገብታ ስላቀፈቻት ከዚህ ሆኜ አልታየኝም።

እማማ የሺመቤት ጥላ አልባ ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር። በእጃቸው ግንባራቸውን ጋርደው፣ አቧራውን እየረገጡ፣ ወደ ቮልሷ መጡ። ናርዶስ ዘወር አለችላቸው። እሳቸው ግን ወደ መስኮቱ አልሄዱም፤ በወዲያ በኩል ዞረው የፊተኛውን በር ከፈቱና ልጃቸው ጎን ገብተው ቁጭ አሉ።

«ፀሐዩ አናቴን በሳው» አሉ። «ቤት አድርሺኝ።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ አልላችሁም። ይልቅ ኑና ኮኑን አብረን እንልቀም፤ ኳስ ተጫዋቾቹ በጣም ተቆጥተዋል።